የአይጥ አንጎል ሁለት መስመሮች፦ መዞር እና መሮጥ

ጣና ዳር ቡና ይዘን፣ ሕክምና የምትማረው እህቴ እንቅስቃሴን ስለሚቆጣጠሩት የአንጎል ውስጥ ክፍሎች፣ ስለ ባዛል ጋንግሊያ፣ ጠየቀችኝ። እነሱን ከአይጥ መካከለኛ አንጎል ጋር የሚያገናኙትን ሁለት መስመሮች ላወዳድር።

ሁለቱም የሚነሱት ከባዛል ጋንግሊያ መውጫ በር፣ ከሰብስታንሺያ ናይግራ ሬቲኩላታ ነው። ሴሎቹ ሌሎች ሴሎችን የሚገታ ጋባ የተባለ ኬሚካል ይለቃሉ፤ አይጧ ቁጭ ብትልም አያርፉም። ልክ ፍሬኑ እንደተያዘ የባሕር ዳር ባጃጅ ነው፤ ለመሄድ መልቀቅ ያስፈልጋል።

ወደ ሱፒሪየር ኮሊኩለስ (የመካከለኛ አንጎል ጣሪያ) የሚሄደው መስመር ጭንቅላትና ዓይን ወዴት እንደሚዞሩ ይቆጣጠራል። የግራው ጸጥ ቢል አይጧ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች። ለጀማሪ ይሄ ይቀላል፣ ውጤቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ወደ ፔዱንኩሎፖንታይን ኒውክለስ (በአንጎል ግንድ ያለ የሴሎች ስብስብ) የሚደርሰው መራመድንና መቆምን ይነካል። እኔን የሚማርከኝ ግን ይሄኛው ነው። ወደ ሌላ ቦታ የሚሄዱ ብዙ ሴሎች እግረ መንገዳቸውን እዚህም ቅርንጫፍ ይጥላሉ። አንዱን መስመር ብቻ ነጥሎ መመርመር የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው።