ካርታው ወይስ ሐውልቱ? የጣሊያንን ወረራ ለ7ኛና 8ኛ ክፍል ማስተማር

ካርታ ይዞ የሚጀምር መምህር ወልወል በሚባለው ቦታ ከተደረገው ግጭት ይነሳል። በመስከረም 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር የመረብን ወንዝ ተሻገረ፣ መጋቢት ላይ የማይጨው ጦርነት ሆነ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ተያዘች። ቅደም ተከተሉ ጥርት ያለ ነው፤ ለፈተናም ይመቻል። ነገር ግን ለ13 ዓመት ልጅ ጦርነቱ ወረቀት ላይ የተሰመረ ቀስት ሆኖ ይቀራል። ከአውሮፕላን የተረጨው የመርዝ ጋዝ እንኳ በአንድ መስመር ያልፋል።

ከስድስት ኪሎው የሰማዕታት ሐውልት የሚጀምረው ግን ሰው ይዞ ይነሳል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ከዚያ ለሦስት ቀን ሰላማዊ ሰው በየሰፈሩ ተጨፈጨፈ፣ ቤት ከነነዋሪው ጋየ። ግንቦት ላይ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። የተማሩ ወጣቶችም እየታደኑ ተገደሉ፤ አገሪቱ በ1933 ነፃ ስትወጣ የተማረ ሰው ለምን እንዳጠራት ልጆቹ ራሳቸው የሚደርሱበት እዚህ ላይ ነው። ይህን ካርታው አያሳይም።

የሁለተኛው መንገድ አደጋ ማስደንገጡ ነው። የሬሳና የተቆረጠ ራስ ፎቶግራፍ ለዚህ ዕድሜ ፈጽሞ አላሳይም፤ ሐውልቱ ላይ የተቀረጹት ምስሎች ይበቃሉ። ከአዲስ አበባ ርቆ ለሚያስተምር ደግሞ ከአያት ከቅድመ አያት የተወረሰ የቤተሰብ ትረካ ቦታውን ይይዛል።

እኔ በሐውልቱ እጀምራለሁ። ካርታውን የማወጣው በማግስቱ፣ ልጆቹ «እንዴት እዚህ ደረሱ?» ብለው ሲጠይቁ ነው።