ፐርፕል ኤር በከሰል መኪና መንገድ ዳር፦ የሚያየውና የሚያመልጠው

የድንጋይ ከሰል የጫኑ ከባድ መኪኖች ሌት ተቀን በሚያልፉበት መንገድ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ተሰባስበው አቤት ማለት ሲጀምሩ፣ ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚገዙት ፐርፕል ኤር የተባለውን የአየር መለኪያ ነው። እንደ ሞዴሉ ከ200 እስከ 300 ዶላር አካባቢ ያወጣል፣ ለመስቀል ባለሙያ አይፈልግም፣ ንባቡም ማንም በሚከፍተው ካርታ ላይ ይወጣል። ጥሩ ዕቃ ነው። ችግሩ ሰዎች የሚገዙት ከመስኮታቸው ደፍ ላይ ሲጠርጉት የሚውሉትን ጥቁር ዱቄት ይለካልናል ብለው መሆኑ ነው፤ እሱን በደንብ አይለካም።

ውስጡ ሁለት ተመሳሳይ የሌዘር ቆጣሪዎች አሉ፤ ኤ እና ቢ ይባላሉ። ትንሽ ፋን አየር ይስባል፣ ብናኙ በሌዘሩ ሲያልፍ የሚበትነው ብርሃን ይቆጠርና ወደ ክብደት ይሰላል። ከ0.3 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር ሺኛ ነው) በታች ያለውን አያይም፤ ከናፍጣ የሚወጣው ጥቀርሻ ደግሞ አብዛኛው ከዚያ ያነሰ ነው። ሸራ ካልለበሰ ጭነት ላይ የሚበነውና ጎማ ከአስፋልት የሚያነሳው ከሰል በተቃራኒው ሻካራ ነው፤ ፋኑ ደካማ ስለሆነ አብዛኛው ሌዘሩ ጋ አይደርስም። «ፒኤም 10» ማለትም እስከ 10 ማይክሮን ያለው ብናኝ ተብሎ የሚወጣው ቁጥር ከትንንሾቹ ብናኞች ተነስቶ የተገመተ ነው። ፒኤም 10ን ይዛችሁ ስብሰባ አትግቡ፤ የከሰል ኩባንያው መሐንዲስ በአንድ ጥያቄ ይጥለዋል። የምትይዙት ፒኤም 2.5ን (እስከ 2.5 ማይክሮን ያለውን ደቃቅ ብናኝ) ይሁን፤ እሱም ቢሆን አየሩ መቼ እንደከፋ ይነግራችኋል እንጂ ከሰል መሆኑን አይነግራችሁም።

አንድ ሳይሆን ሁለት ግዙ። አንዱ ከመንገዱ ከ10 እስከ 20 ሜትር ላይ፣ ሌላው ነፋስ በሚመጣበት በኩል ቢያንስ 300 ሜትር ርቆ ይሰቀል። ማስረጃው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ የአንዱ ቁጥር ብቻውን የጫካ ቃጠሎ ጭስም የጎረቤት ምድጃም ሊሆን ይችላል። ከመስቀላችሁ በፊት ሁለቱን ጎን ለጎን አንድ ሳምንት አቆዩአቸው። አንደኛው ሁልጊዜ 3 ከፍ አድርጎ የሚያነብ ከሆነ ጻፉት፣ ኋላ ከሂሳቡ ይቀነሳል። ይህን ሳምንት የሚዘል ኮሚቴ ብዙ ነው፤ ሙግት ሲመጣ ግን ልዩነቱ ከመኪናው ይሁን ከመለኪያው ማስረዳት ያቅተዋል። ከፍታው ሰው በሚተነፍስበት አካባቢ፣ ከ1.5 እስከ 3 ሜትር ይሁን፤ ከሥጋ መጥበሻና ከልብስ ማድረቂያ መውጫም ይራቅ።

ንባቡ የ2 ደቂቃ አማካይ ነው፤ አንድ መኪና ግን በሃያ ሰከንድ ያልፋል። ስለዚህ አንድን መኪና ከአንድ ንባብ ጋር ለማያያዝ አትድከሙ። በየሰዓቱ ያለፉትን መኪኖች ቆጥራችሁ ከዚያው ሰዓት አማካይ ጋር አስተያዩ።

የኩባንያው ወገን ቀድሞ የሚያነሳው እርጥበትን ነው፤ እውነትም አለው። ከሰል በሚወጣበት የምሥራቅ አሜሪካ ተራራማ አካባቢ፣ በአፓላቺያ ጠባብ ሸለቆዎች ጠዋት ጠዋት ጉም ይተኛል፣ የጠዋት ፈረቃ መኪኖችም በዚያው ሰዓት ይወጣሉ። ብናኝ ውሃ ሲይዝ ያብጣል፣ ንባቡም ይጋነናል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የማስተካከያ ቀመር አለው፦ ንባቡን በ0.524 አባዙ፣ የእርጥበቱን መቶኛ በ0.0862 አባዝታችሁ ከውጤቱ ቀንሱ፣ 5.75 ደምሩ። ንባቡ 40፣ እርጥበቱ 90 ከመቶ ከሆነ የሚወጣው 19 ገደማ ነው። 40 ብሎ የተናገረ ሰው ቀሪ ንግግሩን የሚሰማው አያገኝም። ኤጀንሲው በ2024 ያወጣው የዓመት አማካይ ገደብ 9 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ስለሆነ ትክክለኛው ቁጥርም ቢሆን በቂ ክብደት አለው።

ብልሽቱ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ሸረሪት ወይም ነፍሳት መግቢያው ውስጥ ይገባሉ፤ ኤ 12 እያለ ቢ 60 ካለ በታሸገ አየር ንፉትና የዚያን ቀን መረጃ ጣሉት። ዋይፋዩ 2.4 ጊጋኸርዝ ካልሆነ አይገናኝም።

ጥቁሩን ዱቄት የሚያስረዳው ጨርቅ ነው። በዌስት ቨርጂኒያ ቡን ካውንቲ፣ ሲልቨስተር በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ፖሊን ካንተርበሪና ሜሪ ሚለር የተባሉ እናቶች በአቅራቢያቸው ካለው የከሰል ማጠቢያ ፋብሪካ የሚመጣውን አቧራ ከየቤቱ እየጠረጉ፣ ቀን እየጻፉ፣ በከረጢት እያሸጉ፣ በቪዲዮ እየቀረጹ ሰበሰቡ። ነዋሪዎቹ ኩባንያውን ከስሰው በ2003 ተፈረደላቸው። ዛሬ ይህን ለማድረግ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ቦታ አጥቡ፣ ቀኑን መዝግቡ፣ በሳምንቱ በነጭ ጨርቅ ጥረጉ፣ አሽጉ፤ ማን እንደጠረገና ማን ጋ እንደተቀመጠ በከረጢቱ ላይ ይጻፍ። ከሰል መሆኑን የሚያረጋግጠው ማይክሮስኮፕ ነው። በባልቲሞር ከርቲስ ቤይ በከሰል ወደቡ ዙሪያ የተሰበሰበው አቧራ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ታይቶ ከሰል መሆኑ በ2023 ተረጋግጧል።

መለኪያው ስለ መኪኖቹ ክብደት ምንም አይልም፤ መንገዱን የሚበላው ግን ክብደቱ ነው። በአንድ አክስል (ጎማዎቹን በሚያገናኘው ዘንግ) ላይ ያለው ጭነት እጥፍ ሲሆን የአስፋልቱ ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ መዝገባችሁ ላይ ሰዓት፣ ታርጋ፣ አቅጣጫ፣ የአክስል ብዛት፣ ሸራ መልበስ አለመልበሱ ይግባ። ዌስት ቨርጂኒያ በ2003 ለተመረጡ የከሰል መንገዶች ገደቡን ከ80,000 ወደ 120,000 ፓውንድ ከፍ ስላደረገች፣ «ከልክ በላይ ጭኗል» ከማለታችሁ በፊት መንገዳችሁ በዝርዝሩ ውስጥ መኖር አለመኖሩን እዩ።

በኢትዮጵያ ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከሰል በሚጓዝበት ጠጠር መንገድ ዳር ይህን መለኪያ ልስቀል ለሚል፦ እዚያ የሚነሳው አቧራ በአብዛኛው የመንገዱ አፈር ነው፣ ከሰሉን ለይቶ አያሳይም። መብራት ሲጠፋ እንዳይቆም ፓወር ባንክ፣ ዋይፋይ በሌለበት የሞባይል ሆትስፖት ያስፈልገዋል።

ገንዘቡ ለአንድ መለኪያ ብቻ ከበቃ እሱን ተዉትና ለላቦራቶሪ ምርመራ አውሉት፤ ጨርቁና መዝገቡ ወጪ የላቸውም። ለሁለት ከበቃ ያለ ማመንታት ግዙ።