ሁለተኛው የዝናብ ቀን፦ ዘጠኝ ሌሊት በትንሽ ተሳቢ ካራቫን

ሃያ ዓመት በድንኳን አድሬአለሁ። ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ተንቀሳቃሽ መኝታ ቤት) ማፈላለግ የጀመርኩት ድንኳን ጠልቼ አይደለም፤ የጠላው ወገቤ ነው። ሃምሳን ከተሻገርኩ ወዲህ መሬት ላይ አድሬ ስነሳ መጀመሪያ በጉልበቴ፣ ቀጥሎ በእጄ፣ በመጨረሻም የባለቤቴን ትከሻ ተደግፌ ነው የምቆመው። ስለዚህ አንዲት ትንሽ ተሳቢ ካራቫን ለዘጠኝ ሌሊት ተከራየን። ሦስት ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴና የአሥራ አንድ ዓመት ልጃችን። ሐሳባችን ገዝተን ከመጸጸት ተከራይተን መጸጸት ይሻላል የሚል ነበር።

ካራቫኗ በእንባ ጠብታ ቅርጽ የተሠራች ናት፤ ፊቷ ክብ ሆኖ ወደ ኋላ እየሾለች ትሄዳለች። ቅርጹ የዛሬ አይደለም። እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ በአሜሪካ የታወቀ ሲሆን፣ በ1947 አንድ የዕደ ጥበብ መጽሔት የመሥሪያ ንድፉን ካተመው ወዲህ እጁ ለመዶሻ ያልሰነፈ ሁሉ በጓሮው ሊሠራው ይችል ነበር። ውስጧ አልጋ ብቻ ነው፦ 150 በ195 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፍራሽ፣ ከፍራሹ እስከ ጣሪያው ደግሞ ከአንድ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ከፍታ። ወጥ ቤቱ ከኋላ ነው። የኋላውን ክዳን ሽቅብ ሲያነሱት ባለ ሁለት ዓይን የጋዝ ምድጃ፣ መደርደሪያና ትንሽ የእጅ መታጠቢያ ይገለጣሉ። አብሳዩ ግን ውጭ ነው የሚቆመው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ የወደድኩትን ልናገር። በድንኳን ዘመናችን ቦታ መርጠን፣ ድንጋይ ለቅመን፣ ካስማ መትተን፣ ፍራሽ ነፍተን እስክንጨርስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅብን ነበር። ልጁ ካስማ ከጠፋበት ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ካራቫኗን ለማቆም ሩብ ሰዓት በቂ ነው፦ ውሃ ልክ ወለሉ ላይ አስቀምጦ ዝቅ ባለው ጎማ ሥር ጣውላ ማስገባት፣ ጎማዎቹን በታኮ ማስደገፍ፣ ከመኪናው መፍታት፣ የፊቱን ክሪክ አዙሮ ማስተካከል፣ አራቱን የማዕዘን እግሮች ማውረድ። ታኮው ከመፍታቱ በፊት መግባቱን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። ከመኪናው የተፈታ ካራቫን ፍሬን የሚይዝለት ሾፌር የለውም። የማዕዘን እግሮቹም እንዳይወዛወዝ የሚያረጉ እንጂ ክብደቱን የሚያነሱ አይደሉም። እኔ በእነሱ ላነሳ ሞክሬ አንዱን ትንሽ አጣምሜአለሁ፤ ለአከራዩም ነግሬአለሁ።

እንቅልፉ ግሩም ነበር። ነፋስ ሲነሳ ሸራ አይንጫጫም፣ መሬቱ ቅዝቃዜውን ወደ ጎን አጥንት አይልክም፣ ጠዋት ሰው እንደ ሰው ተቀምጦ እግሩን አውርዶ ይነሳል። ወገቤ በዘጠኙ ሌሊት አንድ ቀን እንኳ ቅሬታ አላሰማም። ቅሬታ ያሰማችው ባለቤቴ ናት፤ ለዚያውም በሚገባ። ካራቫኗ በር ያላት በአንድ በኩል ብቻ ሲሆን በሩ በእኔ በኩል ነበር። ሌሊት መውጣት ስትፈልግ እኔን ተሻግራ ነው፤ ስትመለስም እንደዚያው። የዚህ ዓይነት ካራቫን የምታዩ ከሆነ በግራም በቀኝም በር ያለውን ምረጡ። ሻጮች ስለ መብራቱና ስለ ድምፅ ማጉያው ብዙ ያወራሉ፤ ስለ ሁለተኛው በር የሚያነሣ ግን አልገጠመኝም።

በሦስተኛው ቀን ደነገጥኩ። ወጥ ቤቱ ከኋላ ስለሆነ የወጥ ቤት ዕቃውን ሁሉ ከኋላ ጫንኩ፦ ሁለት ባለ 20 ሊትር የውሃ ጀሪካን፣ ከባዱን መጥበሻ፣ የታሸገውን ምግብ በሙሉ። በአንድ ረጅም ቁልቁለት ላይ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ስወርድ በስፖኪዮ ካራቫኗን አየኋት፤ ጭራውን እንደሚቆላ ውሻ ግራ ቀኝ ትላለች። ከዚያ ውዝዋዜው ወደ መኪናው መጣ። መሪው በእጄ ውስጥ ቀለለ። ነዳጁን ለቀቅኩ፣ መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ፣ ፍሬኑን አልረገጥኩም። ጥቂት ከዋለለች በኋላ ረጋች። ጥግ ይዘን ስንቆም ከኋላ የተቀመጠው ልጃችን «እንደገና እናድርገው?» አለ።

ጥፋቱ የጭነቱ አቀማመጥ ነበር። ተሳቢ ቀጥ ብሎ እንዲከተል ከክብደቱ የተወሰነው በመኪናው ጋንቾ ላይ ማረፍ አለበት። በሰሜን አሜሪካ የተለመደው ስሌት ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው፤ በአውሮፓ ከዚያ ያነሰ ይሠራበታል። በየትኛውም አገር ግን መኪናውም ጋንቾውም የየራሳቸው የክብደት ጣሪያ ስላላቸው መጽሐፋቸውን ማየት ግድ ነው። ጀሪካኖቹን ከጎማው መስመር ወደ ፊት ካዛወርኩ በኋላ ውዝዋዜው ጠፋ። ነገሩ ግን ስላልለቀቀኝ በጉዟችን መጨረሻ ካራቫኗን ሳንመልስ ከነጭነቷ በከባድ መኪና ሚዛን ላይ አወጣኋት። ባዶዋን 480 ኪሎ ግራም የነበረችው 655 ሆናለች። ከዚያ ቤት ወስጄ አፍንጫዋን፣ ማለትም ጋንቾው ላይ የሚያርፈውን ጫፏን፣ በሰውነት ሚዛን ላይ አሳረፍኩት፦ ዕቃው ከኋላ ሲሆን 31 ኪሎ፣ ያንኑ ዕቃ ወደ ፊት ሳመጣው 69። ስልሳ ኪሎ ያህል ዕቃ አንድ ሜትር ተኩል ማንቀሳቀስ ይህን ሁሉ ይለውጣል።

ክብደትን ካነሣን፣ በማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የባዶው ነው። ውሃ በሊትር አንድ ኪሎ ይመዝናል፣ የእርሳስ ባትሪ ብቻውን ሠላሳ ኪሎ ይጠጋል፣ ከዚያ ጋዙ፣ ወንበሩ፣ ጫማው፣ «ምናልባት ያስፈልግ ይሆናል» የተባለው ሁሉ ይደመራል። መኪናችሁ መጎተት የሚችለውን ከባዶው ጋር ሳይሆን ለካራቫኑ ከተፈቀደለት ከፍተኛ ክብደት ጋር አነጻጽሩ። ለእኛዋ የተፈቀደላት 750 ኪሎ ስለሆነ የራሷ ፍሬን የላትም፤ በአውሮፓ ከዚህ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ይገደዳል።

ወደ ኋላ ስለመንዳት ብዙ አልልም። ትንሽ ስለሆነች ቀላል ትሆናለች ብዬ ነበር፤ ተቃራኒው ነው እውነቱ። አጭር ተሳቢ መሪው ገና ሲነካ ይታጠፋል። እጅን ከመሪው ግርጌ አድርጎ ካራቫኑ እንዲሄድ ወደሚፈለግበት አቅጣጫ እጁን መግፋት ረድቶኛል። ያም ሆኖ በአራተኛው ቀን ፈትተን በእጃችን ገፍተን ነው ቦታዋ ያስገባናት። ይህም የትንሽነት አንድ ጸጋ ነው።

አሁን ወደ ዝናቡ።

በአምስተኛው ቀን ዘነበ። ደስ አለን፤ በጣሪያው ላይ የዝናቡን ድምፅ እየሰማን አልጋው ላይ ካርታ ተጫወትን። ልጃችን የሚያድረው አጠገባችን በተከልናት ትንሽ ድንኳን ነበር፤ ቀን ግን ሦስታችንም ካራቫኗ ውስጥ ነን። ቁመቱ አንድ ሜትር ስለሆነ የሚቀመጥ ሰው አንገቱን ሰበር ያደርጋል፤ የሚዘረጋ እግር የሌላውን ጎን ይወጋል። ምሳ ለማብሰል ወጣሁ። ክዳኑ ለራሴ ጣራ ሆነልኝ፤ ከክዳኑ ጠርዝ የሚንጠባጠበው ውሃ ግን ልክ አንገቴ ላይ ያርፋል። ሳህኖቹን በበሩ አቀበልኩ፤ ፍራሽ ላይ ተበላ፤ ፍራሽ ላይ ፈሰሰ።

በስድስተኛው ቀንም ዘነበ። ከዚህ በኋላ ካራቫኗ ሌላ ነገር ሆነች። ጠዋት ስንነቃ መስኮቶቹና ግድግዳው አልበዋል፤ የሁለት ሰው ትንፋሽ መውጫ አጥቶ ውሃ ሆኗል። የፍራሹን ጠርዝ ሳነሳው ከሥሩ እርጥብ ነው። መፍትሔው ብርድ ቢሆንም ሁለቱን መስኮቶች በሁለት ጣት ያህል ከፍቶ የጣሪያውን ማራገቢያ በዝቅተኛው ፍጥነት ማሳደር፣ ከፍራሹም ሥር አየር የሚያሳልፍ ርብራብ ማድረግ ነው። ለማሞቅ ብሎ ውስጥ ምድጃ ማቀጣጠል ፈጽሞ አይታሰብም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ በዚህች በምታህል ክፍል ውስጥም ብዙ ጊዜ አይሰጥም። የዚያን ዕለት ማታ የልጁ ድንኳን ውሃ ገባበትና እሱም መጣ። ሦስት ሰው፣ 150 ሴንቲ ሜትር። ማንም አልተኛም። ባለቤቴ በጨለማው ውስጥ «ይህ ቤት አይደለም፤ አልጋ ነው» አለች። ከዘጠኙ ሌሊት ትክክለኛው ግምገማ ይኸው ነው።

እንዲህ ያለ ካራቫን የሚገዛ ሰው የሚገዛው አልጋ ነው። ደረቅ፣ ከመሬት የራቀ፣ ሁልጊዜ የተነጠፈ አልጋ። ሌላው ኑሮ ሁሉ እንደ ድንኳኑ ውጭ ነው። ስለዚህ ራሳችሁን የምትጠይቁት ስንት ሰው ይተኛበታል የሚለውን ብቻ አይሁን፤ በሁለተኛው የዝናብ ቀን ከሰዓት በኋላ ማን የት ይቀመጣል ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት ከሆናችሁ፣ በየሌሊቱ ወይም በየሁለት ሌሊቱ ቦታ የምትቀይሩ ከሆነ፣ ቀኑን በእግርና በብስክሌት የምታሳልፉ ከሆነ፣ ይህች ነገር ትበጃችኋለች። ሳምንት ሙሉ አንድ ቦታ ከልጆች ጋር የምትከርሙ ከሆነ ግን በቁም የሚገባበት ትልቅ ድንኳን ይበልጣል ባይ ነኝ። በመኪና ጣሪያ ላይ የሚዘረጋውን ድንኳንም አስበን ነበር። እሱ ተሳቢ አያስጎትትም፤ ነገር ግን ወደ ገበያ ወይም ወደ ሐይቁ ብቅ ለማለት በተፈለገ ቁጥር ቤት ማጠፍ አለ። ካራቫን ተፈትቶ ቦታ ይጠብቃል።

ስለ ኤሌክትሪኩም አንድ ነገር ልበል። 100 አምፔር ሰዓት የሆነ የእርሳስ ባትሪ ነበራት፤ የእርሳስ ባትሪ እንዳይጎዳ ከግማሹ በላይ ባይሟጠጥ ይመከራል። ማቀዝቀዣው፣ መብራቱ፣ ማራገቢያውና የሦስታችን ስልክ ያንን ግማሽ በአንድ ቀን ይጨርሱታል። ጣሪያዋ ላይ 100 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ አለ፤ እኛ ግን እንዳይሞቀን ብለን ከዛፍ ሥር አቆምናት። ጥላ ለሰው እንጂ ለሰሌዳ አይሆንም። ከጣሪያ ጋር ከተጣበቀው ይልቅ በረጅም ሽቦ ተስቦ ፀሐይ ላይ የሚቀመጥ ሰሌዳ ብልህነት ነው።

ካራቫኗን ከመለስን በኋላ አንድ ወዳጄ የራሱን ለሁለት ሌሊት አዋሰን። የፋይበርግላስ ናት፤ እንቁላል የመሰለች፣ ከነመጎተቻዋ አራት ሜትር ገደማ። የዚህ ዓይነቱ አሠራር በ1968 በካናዳ ዊኒፔግ ከተሠራችው ቦለር ከተባለች ካራቫን ጋር ስሙ ይነሣል፦ ሁለት ቅርፊት ወገብ ላይ ይገጠምና ጣሪያው መጋጠሚያ የሌለው ይሆናል። ውሃ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በመጋጠሚያ ስለሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መሐሏ ላይ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ቆሜ ሱሪ ለበስኩ! ጠረጴዛው ማታ አልጋ ይሆናል፣ ጠዋት ተመልሶ ጠረጴዛ፤ ይህ ይሰለቻል፤ ሲዘንብ ግን ሦስት ሰው ዙሪያውን ተቀምጦ ትኩስ ነገር ይጠጣል። በነዳጅ በኩል ትበላለች። መኪናችን ብቻውን በ100 ኪሎ ሜትር 7.5 ሊትር ይፈጃል፤ ከጠብታዋ ጋር 9.4 ነበር፣ ከእንቁላሏ ጋር ወደ 12 ወጣ። ክብደቷ ብቻ አይደለም ምክንያቱ፤ ከመኪናው ጣሪያ በላይ የሚወጣው ፊቷ ነፋሱን ይገፋል።

ሐሳባችን አሁን ያገለገለች እንቁላል መፈለግ ነው። ሄደን ስናይ መጀመሪያ ተዘግታ የቆየችውን በር ከፍቼ አሸታለሁ፤ የሻጋታ ሽታ ከሻጩ ይልቅ እውነት ይናገራል። መስኮቶቹ ሥርና በማዕዘኖቹ ወለሉን በአውራ ጣቴ እጫናለሁ። ጎማው ላይ ያሉትን አራት አኃዞች አነባለሁ፤ 2319 ካለ በ2019 በሃያ ሦስተኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። የተሳቢ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ በቆመበት ያረጃል። ጥቂት ከተጎተተች በኋላም የጎማዎቹን መሐል በእጄ ጀርባ እነካለሁ፤ አንዱ ከሌላው ይልቅ ከጋለ ኩሽኔታው ግራሶ ፈልጓል፣ አለዚያም አልቋል።

የቀረን የማቆሚያ ጉዳይ ነው። የወዳጃችንን ካራቫን ከመመለሳችን በፊት ጋራዣችን በር ላይ አቁመን ለካን፤ በሩ በ6 ሴንቲ ሜትር ያጥራል። ባለቤቴ የጎማዎቹን ነፋስ ብንቀንስስ አለች። ቀነስን፤ 4 ሴንቲ ሜትር ወረደች። ልጃችን ጣሪያዋ ላይ ያለውን የማራገቢያ ክዳን እያየ የብሎን መፍቻ የት እንዳለ ይጠይቀኝ ጀመር።