ኦዲ ቤተ መጻሕፍት፣ ሄልሲንኪ፦ በእጩ መምህር ዓይን

ለማስተማር ልምምድ ከስዊድን ወደ ሄልሲንኪ የሚመጣ እጩ መምህር፣ ቀኑን በትምህርት ቤት ቢውልም፣ የሥራው ግማሽ የሚጠብቀው ከክፍል ከወጣ በኋላ ነው፤ የነገውን የትምህርት ዕቅድ መጻፍና መርጃ መሣሪያ ማዘጋጀት አለበት፤ የእኔ የኪራይ ክፍል ደግሞ ከአልጋና ከአንዲት ጠባብ ጠረጴዛ የተረፈ ቦታ የለውም። ለዚህ ሥራ ከፓርላማው ፊት ለፊት የሚገኘውን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የተከፈተውን ኦዲን ያለማመንታት እመክራለሁ።

ከሦስቱ ወለሎች ይበልጥ የጠቀመኝ የልብስ ስፌት ማሽንና ፖስተር ማተሚያ ያለበት መካከለኛው ነው፤ ለአብዛኛው መሣሪያ የሚከፈለው የሚፈጀው ቁሳቁስ ዋጋ ብቻ ነው። የተማሪዎቼን ስም በክብ ወረቀት ጽፌ፣ በባጅ መሥሪያ ማሽን ላይ በክብ ቆርቆሮና በቀጭን ፕላስቲክ መካከል አስገብቼ እጀታውን ስጫን፣ ወረቀቱ የደረት ባጅ ሆኖ ወጣ። የፊንላንዳውያን ስም ቶሎ ለማይያዝለት እንግዳ መምህር ከዚህ የሚሻል ዘዴ አላገኘሁም፤ ልጆቹም ባጁን ከእረፍት በኋላ ሳያወልቁ ይመለሱ ነበር።

መጻሕፍቱ የሚገኙት ከላይኛው ወለል ነው። መጽሐፍ ለመዋስ የሚያስፈልገው የሄልሜት (የአካባቢው ቤተ መጻሕፍት የጋራ መረብ) ካርድ በሄልሲንኪ ብቻ ሳይሆን በአጎራባቾቹ ከተሞች በኤስፖ፣ በቫንታና በካውኒያይነን ቤተ መጻሕፍትም ያገለግላል። ኦዲ ልጆች እንዲጫወቱበትና ሰዎች እንዲገናኙበት ታስቦ የተሠራ በመሆኑ፣ ፍጹም ጸጥታ የሚሻ ሰው በሴኔት አደባባይ አጠገብ ያለውን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይምረጥ፤ በቡድን መሥራት የሚፈልግ ግን የኦዲን ክፍል አስቀድሞ በኢንተርኔት ቢያስይዝ ይሻላል።