በደሴ ፒያሳ ያለው የዕፅዋት ሱቅ፦ የጥብስ ቅጠሉን ግዙ፣ ጠርሙሱን ተዉት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የተከፈተው የመድኃኒት ዕፅዋት መሸጫ ሁለት ፊት አለው። በስተቀኝ ያለው መደርደሪያ ንግድ ነው፤ በስተግራ ያለው ስብከት።

የቀኙን ሳላመሰግን አላልፍም። የጥብስ ቅጠሉ በጥላ ስለደረቀ አረንጓዴነቱ አልጠፋም፤ በመዳፍ አሸት ሲያደርጉት ሽታው ሱቁን ይሞላል። ጥቁር አዝሙዱ ጠጠር የለበትም። እርዱ ሳይፈጭ ሥሩ ራሱ ይሸጣል፤ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበት ይሆን ብሎ መጠርጠር የለም። ለቡናችን የምንፈልገው ጤና አዳም ጠዋት ላይ ትኩስ ነው፣ ከሰዓት ግን ይጠወልጋል።

እኔን የወሰደኝ ግን የግራው ነው። ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ ቡናውን ቆልታ ሳትጨርስ «ቡናው ተቆላ?» ብላ መጠየቅ ከጀመረች ቆይታለች። ሱቁ ውስጥ ደግሞ «ከመርሳት በሽታ ይጠብቃል» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ቡናማ ጠርሙስ በ900 ብር ይሸጣል። የጥብስ ቅጠል፣ የእርድና ጊንኮ የተባለው የቻይና ዛፍ ቅጠል ንጥር ነው ይላል፤ የትኛው ምን ያህል እንደገባበት ግን አይናገርም። አወሳሰዱ «ጠዋትና ማታ አንድ ማንኪያ» ነው። የሻይ ይሁን የሾርባ ማንኪያ አልተጻፈም።

ሻጩ ትሁት ልጅ ነው። «ጋሼ፣ የሐኪም ቤቱ ኪኒንም እኮ ከተክል ነው የወጣው» አለኝ። ባዮሎጂ ሳስተምር ለኖርኩት ሰውዬ ይህን መንገሩ አስደሰተኝ፤ እውነትም ነውና። ጋላንታሚን የተባለው፣ አልዛይመር ለሚባለው ዋነኛ የመርሳት በሽታ የሚሰጠው መድኃኒት መነሻው አውሮፓ ውስጥ ክረምቱ ሳይወጣ የሚያብብ ትንሽ ነጭ አበባ ነው። በአንጎል ሴሎች መካከል መልእክት የሚያደርሰው አሴቲልኮሊን ቶሎ እንዳይፈርስ ያደርጋል። ነገር ግን በቀን ከ8 እስከ 24 ሚሊግራም ተብሎ ተለክቶ፣ ሐኪም ከትንሹ እየጀመረ ነው የሚሰጠው። እንዲያም ሆኖ ምልክቱን ለጊዜው ያቀላል እንጂ በሽታውን አያቆምም። የተለካው ይህን ያህል ብቻ ከሠራ፣ ያልተለካው ማንኪያ ከየት አምጥቶ ይበልጠዋል?

ጊንኮ ደግሞ በሚገባ ተፈትኗል። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ከ3,000 በላይ ሰዎች ለዓመታት ክትትል ተደርጎላቸው፣ ከፊሎቹ 120 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ወስደዋል። ውጤቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ሲወጣ፣ የመርሳት በሽታን አልቀነሰም። እርድ ውስጥ ያለው ከርኩሚን ሲዋጥ ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው። የጥብስ ቅጠሉ ካርኖሲክ አሲድም በአይጥ ላይ ተስፋ አሳይቷል፤ አይጥ ለሚያስታምም ደስ ይላል።

ይህን ሁሉ በቀልድ አልፈው ነበር። ያስቆጣኝ ሌላ ነው፤ ልጁ እትዬ ምን መድኃኒት እንደምትወስድ አልጠየቀም። እርሷ ደም የሚያቀጥን ኪኒን ትወስዳለች፣ ጊንኮ ከእንዲህ ዓይነቱ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ የመድማት አደጋን ሊጨምር ይችላል። ነገሩን ሳነሳለት «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም» አለ። አስተናግርም ተፈጥሯዊ ነው! ያንኑ አሴቲልኮሊን ሥራውን እንዳይሠራ ከልክሎ ጤነኛውን ሰው የሚያስቀባጥር ተክል በየአጥሩ ሥር እየበቀለ፣ የወሎ ልጅ እንዴት እንዲህ ይላል?

ጠርሙሱን ሳልገዛ ወጣሁ። እትዬን ያየው ሐኪም በመጀመሪያ የደም ምርመራ አዘዘላት፤ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የታይሮይድ ዕጢ መድከምም ማስታወስን ያዳክማሉ፣ እነዚህ ደግሞ የሚታከሙ ናቸው። ዘጠኝ መቶ ብር ያለው ሰው ቢያንስ ከዚያ ይጀምር።

ለወጥ ቤት ለምትገዙ፦ ሱቁ አርብ በጁምዓ ሰዓት ይዘጋል። ክፍያ በባንክም ይቀበላሉ፤ ደረሰኝ ስትጠይቁ ግን ፊታቸው ይጠቁራል።