እናቴ «የባሕር ጥጃ» ብላ የሰየመችው ፊልም

ቅዳሜ ማታ ነው። የምንኖርባት የአሜሪካ ከተማ ሲልቨር ስፕሪንግ በረዶ ይጥላል። ባለቤቴ የሌሊት ተረኛ ስለሆነ ሥራ ገብቷል። ሶፋው ላይ አራት ነን፤ እኔ፣ 9 ዓመት የሆናት ልጄ፣ 6 ዓመት የሆነው ወንድሟ፣ እና ከባሕር ዳር ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ። ለአራታችንም የሚሆን ፊልም ማግኘት ከባድ ነው። ልጆቹ የሚወዱት ለእናቴ ጩኸት ብቻ ይሆንባታል። እሷ የምትወደውን ልጆቹ 5 ደቂቃ አያዩትም። እንግሊዝኛም ስለማትሰማ አጠገቧ ቁጭ ብዬ የምተረጉምላት እኔ ነኝ።

ያየነው ከሠፈራችን ቤተ መጻሕፍት የተዋስነውን ዲቪዲ ነው። «ዘ ሲክሬት ኦፍ ሮን ኢኒሽ» ይባላል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1994 የወጣ የአየርላንድ ታሪክ ነው። ሮን ኢኒሽ ማለት በአየርላንድ ቋንቋ የሲል ደሴት ነው። ሲል ማለት ያ ክብ ጭንቅላትና ጢም ያለው፣ ባሕር ውስጥ የሚኖረው፣ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ፀሐይ የሚሞቀው እንስሳ ነው። እናቴ ገና ስታየው «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች። በአማርኛ ምን እንደምለው ጠፋኝ። ትንሽ አየችውና «ዓይኑን ተመልከቺ፤ የባሕር ጥጃ ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስሙ እሱ ሆኗል። እዚህም በእሱው ልጥራው።

ታሪኩ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ የሚሆን ነው። ፊዮና የምትባል ልጅ እናቷ ሞታባታለች። አባቷ ከተማ ውስጥ ይሠራል፣ ማታ ማታ መጠጥ ቤት ያመሻል። ማሳደግ ስላቃተው ባሕሩ ዳር ለሚኖሩት ለአያቶቿ ይልካታል። ከአያቶቿ ቤት ማዶ ደሴቷ ትታያለች። ዘር ማንዘሯ የኖረው እዚያ ነው። አሁን ሰው የለባትም። ቤተሰቡ ደሴቷን ለቆ በወጣበት ቀን ደግሞ ሕፃን ወንድሟን ጄሚን ከነአልጋው ውሃ ወስዶታል። አልጋው እንደ ጀልባ ተደርጎ ከእንጨት የተሠራ ነው። ማዕበሉ ሲጎትተው፣ ሰዎቹ በጀልባ ሲከተሉት፣ ወፎች እየወረዱ ሲከለክሏቸው ያሳያል።

እዚህ ላይ እናቴ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። «እንደ ሙሴ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ሙሴን እኮ በደንገሉ ሣጥን ያስቀመጠችው እናቱ ናት፤ ይሄን ማን አስቀመጠው?» አለች። ጣና ዳር ያደገ ሰው ደንገል ምን እንደሆነ ያውቃል። ውሃም ምን እንደሚወስድ ያውቃል። ፊልሙን የሚያይ ትንሽ ልጅ ያለው ወላጅ ይህን ቦታ አስቀድሞ ይወቀው። ልጄ እጄን ይዞ «ሞተ እንዴ?» አለኝ። ዝም ብለህ ተመልከት አልኩት። ከዚያ በኋላ ያለው ፊልም ሁሉ የዚያ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው፤ ስለዚህ አልነግራችሁም።

ፊልሙ ብዙ ገንዘብ እንዳልወጣበት ያስታውቃል። የሠራው ጆን ሴልስ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ለትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ስክሪፕት እየጻፈ በሚያገኘው ገንዘብ የራሱን ፊልሞች የሚሠራ ሰው ነው። ይሄንንም ራሱ ጽፎ፣ ራሱ አዘጋጅቶ፣ ራሱ ነው ኤዲት ያደረገው። መነሻው ሮዛሊ ፍራይ በ1957 ያሳተመችው የልጆች መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ቦታው ስኮትላንድ ነው፤ ሴልስ ወደ አየርላንድ ወሰደው፣ ዶኒጎል በሚባለው የሰሜን ምዕራብ ዳርቻ ቀረጸው። ካሜራውን የያዘው ሃስኬል ዌክስለር ነው፤ ሁለት ጊዜ ኦስካር የወሰደ ሰው። ያ ያስታውቃል። ጭጋጉ፣ ውሃው፣ እሳት ዳር የተቀመጡት ሰዎች ፊት፣ ሁሉም የሚዳሰስ ይመስላል። አንድም ቦታ ላይ በኮምፒውተር የተሞላ ሰማይ አላየሁም።

ብዙ ተመልካች ቀርፋፋ ነው የሚለው ፊልም ነው። ልጄም መጀመሪያ ላይ ብላዋለች። «መቼ ነው የሚጀምረው?» አለችኝ፤ 20 ደቂቃ አልፎ ነበር። ተጀምሯል እኮ። ግን ገባኝ። እሷ የለመደችው አስማት ሲመጣ ብርሃን የሚፈነዳበት፣ ሙዚቃ የሚጮህበት ፊልም ነው። እዚህ አስማቱ የሚመጣው በሰው አንደበት ነው። አያትየው እሳት ዳር ቁጭ ብለው ይተርካሉ። ድምፃቸው ሳይቋረጥ ፊልሙ ወደ ድሮ ዘመን ይገባል። ተረቱ ሲያልቅ ተመልሰን እሳቱ ዳር ነን። ሚክ ላሊ የሚባለው ተዋናይ ነው አያትየውን የሚጫወተው። ሲተርክ ከራሱ ሕይወት የሚያወራ ነው የሚመስለው። እናቴ ቃሉን ሳትሰማ ድምፁን ወደደችው። «ይሄ ሰውዬ ተረት ያውቃል» አለች። ሳልተረጉምላት።

እኔ ይህን ፊልም የምወደው ለዚህ ነው። ገንዘብ ስላልነበራቸው ወደ ተረት አነጋገር ተመለሱ። ተረት ደግሞ ብር አይፈልግም። አንድ ሰው፣ አንድ እሳት፣ የሚያዳምጥ ልጅ ይበቃዋል።

ካሉት ተረቶች ቤታችንን የከፋፈለው የሊያም ተረት ነው። ለፊዮና የሚነግራት ታይግ የሚባል ዘመዷ ነው፤ ዓሣ ሲበልት የሚውል፣ ሰው ትንሽ ነካ ያደርገዋል የሚለው። ሊያም ከአያት ቅድመ አያቶቻቸው አንዱ ነው። አንድ ቀን የባሕር ጥጃ ድንጋይ ላይ ወጥታ ቆዳዋን ስታወልቅ ያያል። ከውስጥ ጥቁር ፀጉር ያላት ሴት ትወጣለች። ሊያም ቆዳዋን ይወስድባታል። ያለ ቆዳዋ ወደ ባሕር መመለስ አትችልም። ቤቱ ትገባለች፣ ታገባዋለች፣ ትወልድለታለች። ቆዳዋን ጣራው ሥር ደብቆታል። በአየርላንድና በስኮትላንድ ዳርቻዎች ሲነገር የኖረ ተረት ነው፤ እንዲህ ያሉትን ፍጡራን ሴልኪ ይሏቸዋል።

ቆዳው የሚወልቅበት ቦታ ላይ ልጄ ሶፋው ላይ ቆመ። ትዕይንቱ ምንም የማታለያ ዘዴ የለውም። ተዋናይቷ ሱዛን ሊንች እርጥቡን ቆዳ ከራሷ ላይ ቀስ ብላ ትገፈዋለች፤ በቃ ይሄው ነው። «የእውነት ነው!» አለ። ትንሽ ቀደም ብሎ ግን አንዱን የባሕር ጥጃ አይቶ «ይሄኛው አሻንጉሊት ነው» ብሎ ነበር። ልክ ነው፤ አንዳንዶቹ የእውነት እንስሳ፣ አንዳንዶቹ በማሽን የሚንቀሳቀሱ ናቸው፤ ዓይን ያለው ይለያቸዋል። አሻንጉሊቱን ያወቀው ልጅ ሴትየዋን አመነ። ይህን ሳስበው ይገርመኛል።

እናቴ ግን ፊቷ ተለወጠ። «ይሄማ ጠለፋ ነው» አለች።

እኔ እንደ ፍቅር ታሪክ ነበር ያየሁት። ፊልሙም ሊያምን ክፉ አድርጎ አያሳየውም። ይወዳታል፣ ይንከባከባታል። ሴትየዋ ግን ቆም ብላ ባሕሩን ስታይ ካሜራው አይቸኩልም፤ ዓይኗ ላይ ይቆያል። እናቴ ያየችው ያንን ነው። የእናቴ ታላቅ እህት በልጅነቷ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ነው የተጠለፈችው። እኔ ታሪኩን አውቀዋለሁ፤ ለልጆቼ ግን ተናግሬው አላውቅም። ልጄ «ጠለፋ ምንድን ነው?» አለች። ፊልሙን አቆምኩት። እናቴ በአማርኛ ነገረቻት፤ ቀስ ብላ፣ ምንም ሳትጨምር። ልጄ አዳመጠችና «የእሷንስ ምኗን ደበቁባት?» አለች። እናቴ አሰበች። «ስሟን» አለች። «አማቷ ሌላ ስም አወጡላት። እስክትሞት በዚያ ስም ተጠራች። እኔ ብቻ ነበርኩ በልጅነት ስሟ የምጠራት።»

ፊልሙን መልሼ ስከፍተው ከሊያም ልጆች አንዷ ስለተደበቀው ቆዳ እናቷን የምትጠይቅበት ቦታ ደረሰ። ሴትየዋ በዚያው ቀን ወደ ባሕሯ ተመለሰች። ልጆቿን ትታ። ልጄ አለቀሰች። እናቴ አላለቀሰችም። «አገኘችው» ብቻ አለች።

ስለዚህ ሴት ልጅ ያላችሁ ሰዎች፣ ይሄን ክፍል አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ እዩት። መጠየቅ የሚፈልጉት ነገር ይኖራል።

ሌላው ልጄን የነካት የሾን ማይክል ታሪክ ነው። እሱም ከፊዮና ቅድመ አያቶች አንዱ ነው። ትምህርት ቤት በገዛ ቋንቋው ስለተናገረ አስተማሪው ሊያዋርደው አንገቱ ላይ ማሰሪያ ያጠልቅበታል። ይህ ከተረት የወጣ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አየርላንድ ውስጥ ልጆች አንገት ላይ እንጨት ይታሰር ነበር፤ በአይሪሽ በተናገሩ ቁጥር እንጨቱ ላይ ምልክት ይቆረጣል፣ ምልክቱ ተቆጥሮ ይገረፋሉ። ልጄ «በራሱ ቋንቋ ስላወራ?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። እኔ በአማርኛ ሳወራት በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ ናት። ምንም አልጨመርኩም።

የእኔ ክፍል ግን ሌላ ነው። ፊዮናና የአጎቷ ልጅ ኤመን ለማንም ሳይናገሩ ደሴቷ ላይ የፈረሱትን ቤቶች ያድሳሉ። ጣራውን በሣር ይከድናሉ፣ ግድግዳውን ኖራ ይቀባሉ፣ ወለሉን ይጠርጋሉ። ወሬ የለም፤ ሥራ ብቻ ነው። አያቶቻቸው ከሚኖሩበት ቤት ሊወጡ ነው፤ የሚሄዱበት የላቸውም። ልጆቹ ይህን ሰምተዋል። በእውነትም በዚያ አገር ምዕራብ ዳርቻ ብዙ ደሴት ሰው አልባ ሆኗል። ታላቁ ብላስኬት ከሚባለው ደሴት መንግሥት የቀሩትን ነዋሪዎች ያወጣው በ1953 ነው። እናቴ የሣሩን ክዳን ትኩር ብላ አይታ «እኛ ከታች ነው የምንጀምረው» አለች። እነሱም ከታች እንደጀመሩ ለማየት መልሼ አሳየኋት። ደስ አላት። ሁለት ልጆች ቤት ሲሠሩ ማየት ይህን ያህል ልብ ይሰቅላል ብዬ አልጠበቅሁም።

ቅር ያለኝ ነገር አለ። አነጋገራቸው ለእኔም ከበደኝ፤ አንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አስደግሜ ነው የሰማሁት። ከታች የሚጻፈውን ሰብታይትል ከመጀመሪያው ክፈቱ። ሙዚቃው ደግሞ አንዳንዴ ዝም ቢል ይሻል ነበር፤ ባሕሩ በቂ ድምፅ አለው። ፊዮናን የምትጫወተዋ ጄኒ ኮርትኒ ፊቷ አይለዋወጥም የሚሉ ሰዎች አሉ። ልጄም «ለምንድን ነው የማታለቅሰው?» ብላኛለች። እኔ በዚህ አልስማማም። እናቷን የቀበረች፣ ወንድሟን ውሃ የወሰደባት፣ አባቷ የላካት ልጅ እንዲያ ናት። ዝም ብላ ታያለች። ሁሉን ትሰማለች። እንዲህ ያሉ ልጆች አውቃለሁ።

ርዝመቱ 1 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ነው። ከ7 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ይሆናል። ከዚያ በታች ከሆነ እናንተ አጠገቡ ሁኑ፤ የአልጋውን ቦታ አስቀድማችሁ ንገሩት። ስትከፍቱት ስልካችሁን አርቁ። ግማሹን አይታችሁ ለነገ አታሳድሩት፤ ተረት በግማሹ አይተውም። እኛ ጨርሰን ስንነሳ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። ልጄ የልብስ ማጠቢያውን ቅርጫት አምጥቶ ውስጡ ገባና አያቱን «ግፊኝ፣ እማማ» አላት። «ወዴት ልግፋህ?» አለችው። «ወደ እነሱ» አላት። ገፋችው፤ እስከ ኩሽናው በር ድረስ፣ ከዚያ መልሳ ወደ ራሷ ጎተተችው።

ዲቪዲው የሚመለሰው ረቡዕ ነበር። ለሁለት ሳምንት አስረዝሜዋለሁ። እናቴ ወደ ባሕር ዳር ከመመለሷ በፊት አንዴ ማየት ትፈልጋለች፤ ሴትየዋ ቆዳዋን ያገኘችበትን ቦታ ብቻ።