ደሴ ላይ የእንጨት ወለል የሠራልኝ አናጺ

ከቤታችን ጎን፣ መሬቱን ተጠግቶ የሚቀመጥ የእንጨት ወለል ያሠራሁት እዚሁ ደሴ፣ ሰፈራችን ካለ አናጺ ነው። ሥራውን በጣም ወድጄዋለሁ።

መጀመሪያ ያየው መሬቱን ነው። ሣሩን አንስቶ ጠጠር ደለደለ። ጣውላውን ከሥር የሚሸከሙትን እንጨቶች፣ ሞራሌዎቹን፣ አፈር ላይ አላስተኛቸውም፤ ብሎኬት ላይ አሳረፋቸው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የክረምቷን ዝናብና ጉም የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። እንጨት ከሥሩ አየር ካጣ ይበሰብሳል።

ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው። እሱ ግን "እታለም፣ ይሄንን ምስጥ ይጨርሰዋል፤ ጥድ ይሁን" አለኝ። ከፈረሰ ቤት የወጣ ደረቅ ጥድ ፈልጎ አመጣ። ዋጋው ከበድ ይላል፤ ግን ያዋጣል። ውሃ እንዲወርድ በጣውላዎቹ መሃል 5 ሚሊሜትር ክፍተት ትቷል። ከግድግዳውም ነጠል አድርጎታል። አሁን ቡናችን እዚያ ላይ ነው የሚፈላው።

ቅር ያሰኘኝ ቀጠሮው ነው። ነገ፣ ነገ እያለ አጓተተብኝ። ጠርዙንም በደንብ አላለሰለሰውም። ልጆች በባዶ እግራቸው ይሮጡበታል፤ ስንጥር እንዳይወጋቸው በብርጭቆ ወረቀት እንደገና አስፈገፈግኩት። የምታሠሩ ካላችሁ፣ ጣውላው በሚስማር ሳይሆን ተጠምዝዞ በሚገባ ቪስ እንዲታሰር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሚስማር እንጨቱ ሲረጥብና ሲደርቅ እየተነሳ ይመጣል።